ገመዱን ማን ነካው?

በዚህ ግድግዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያና ስለ ፈተና ሰሞን ጭንቀት ነው። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ገመድ ይሆናል፤ ያውም ምንም ስላልሆነ ገመድ። ነገሩን የሠራሁት እኔው ራሴ ስለሆንኩ «አንድ የማውቀው ዕጩ መምህር ነበር» እያልኩ አልሸሽም።

ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት ዓለም ባንክ ሠፈር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ሠፈሩን ለማታውቁት፣ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሆኖ ከጦር ኃይሎች በታክሲ የሚኬድበት ነው። ስሙን ያወጣለት በዓለም ባንክ ገንዘብ የተሠራው መኖሪያ ቤት ነውና የባንኩን መሥሪያ ቤት ፍለጋ እዚያ ድረስ የምትሄዱ ካላችሁ አትድከሙ። እኔም በመጀመሪያው ቀን ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ወርጄ ረዳቱ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ሲጣራ ስሰማ፣ በዕጩ መምህር ኪስ ወደ ዓለም ባንክ መሄዴ ገርሞኝ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ትምህርት ቤቱ ሁለት የኮምፒዩተር ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል አሥራ አምስት ኮምፒዩተሮችና ትምህርቱ ሁሉ የተቀመጠበት አንድ ሰርቨር ይገኛሉ። ሁሉም ባለ 16 ቀዳዳ ስዊች ላይ ስለተሰኩ አንድም ባዶ ቀዳዳ የለም። ሁለተኛው ክፍል ዱሮ ዕቃ ቤት የነበረ ሲሆን አሥር ያረጁ ኮምፒዩተሮች ከሌላ ስዊች ጋር ተደርድረውበታል። እነዚህ አሥሩ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ እንጂ ሰርቨሩን አያዩትም። ስለዚህ አንድ ክፍል ተማሪ ኮምፒዩተር ሊማር ሲመጣ ከፊሉ ይሠራል፣ ከፊሉ ሰሌዳ ያያል። ተለቅ ያለ ስዊች ይገዛ ሲባል ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ ተባለ፤ ፕሮፎርማው ሲመጣ በጀት ተዘግቷል ተባለ። ይኼን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

እኔም ደረቴን ነፍቼ «ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ እሠራዋለሁ» አልኩ። ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ከአሥራ አምስቱ ኮምፒዩተሮች አንዱ ከሁለተኛው ክፍል ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ሥር ነው ያለው። ከተበላሸ ኮምፒዩተር የኔትወርክ ካርድ ነቅዬ ለእሱ ሁለተኛ ካርድ ላድርግለት፤ ሊኑክስ ልጫንበት፤ በአንደኛው ካርድ ይኼን ክፍል፣ በሁለተኛው ካርድ ያንን ክፍል ይዞ በመካከል ድልድይ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያንን ኮምፒዩተር ከስዊቹ ነቅሎ በቀዳዳው ሁለቱን ስዊቾች በአንድ ገመድ ማገናኘት ይቻል ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያኔም አውቀው ነበር። ነገር ግን ገምጋሚ መምህሬ በዚያ ሳምንት ዓርብ ሊጎበኙኝ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ገመድ ሲሰካ አይቶ ደግሞ የሚደነቅ ገምጋሚ የለም።

ድልድይ በኔትወርክ ቋንቋ ምን እንደሆነ ለሌላ ትምህርት ክፍል ሰዎች በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒዩተሮች የሚላላኩት መልእክት እንደ ፖስታ ነው። በፖስታው ላይ የላኪው ካርድ ቁጥርና የተቀባዩ ካርድ ቁጥር ተጽፏል። ድልድዩ ፖስታው በየትኛው እግሩ በኩል እንደ መጣ ያይና «ይኼ ላኪ በዚህ ወገን ነው የሚኖረው» ብሎ ይመዘግባል። ተቀባዩን የሚያውቀው ከሆነ ወደሚኖርበት ወገን ያሳልፈዋል፤ የማያውቀው ከሆነ ፖስታው ከመጣበት በቀር ወደ ሁሉም ወገን ይልካል። ፖስታውን አይከፍትም፤ ምን ይዘሃል፣ ወዴት ትሄዳለህ ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ የኬላ ሥራ ነው። ዱሮ ነጋዴ በየኬላው ጭነቱን እያስፈተሸ ቀረጥ ይከፍል እንደነበረ አያቶቻችን ነግረውናል። ድልድይ ግን ያሻግራል፣ በቃ። ይህችን የድልድይና የኬላ ልዩነት ያዙልኝ።

ሊኑክስ ይህን ሥራ የሚሠራው በራሱ አንኳር ውስጥ ስለሆነ የሚገዛ ነገር የለም። «ቢአር ዜሮ» የሚባል ድልድይ ትፈጥሩና ሁለቱን ካርዶች እግር ታደርጉለታላችሁ። (በዚህ ግድግዳ ላይ ሁሉን በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ማሽኑ ፊት ስትቀመጡ ግን በላቲን ካልጻፋችሁ አይሰማችሁም።)

መጀመሪያ የሞከርኩት ግን በገመድ አልነበረም። ገመድ ለመዘርጋት ግድግዳ መብሳት ስላስጠላኝ ሁለተኛውን ክፍል በዋይፋይ ላገናኝ ብዬ ነበር። ሊኑክስ «ይህ አይደገፍም» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ የዋይፋይ ጣቢያ የሚቀበለው በር ላይ ራሱን ካስመዘገበው ካርድ የመጣውን ብቻ ስለሆነ፣ ያ ካርድ የሌሎችን ፖስታ በራሳቸው ቁጥር ላሻግር ቢለው አይቀበለውም። ሁለተኛው ስሕተቴ የማሽኑን የአይፒ አድራሻ በአንዱ ካርድ ላይ መተዌ ነው። ካርዱ አንዴ የድልድይ እግር ከሆነ አድራሻው ወደ ድልድዩ መዛወር አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ራሱ ከኔትወርኩ ይጠፋል። ይኼ ግማሽ ቀን በላብኝ።

ሦስተኛው ስሕተት ሳይሆን ትዕግሥት ማጣት ነበር። ድልድዩን አስነሥቼ ብጠብቅ ዝም፤ አጥፍቼ አስነሣሁት፣ አሁንም ዝም። ለካስ ማሽኑ እየሠራ ነው። ድልድዮች ወይም ገመዶች ተጠላልፈው ቀለበት ከሠሩ ፖስታው መቆሚያ ስለሌለው እየዞረና እየተባዛ ኔትወርኩን ያንቀዋል። ለዚህ መድኃኒት ያገኘችው ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዲጂታል በሚባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ ውስጥ ስትሠራ «ስፓኒንግ ትሪ» የተባለውን ዘዴ አወጣች። ዘዴውን የሚያስረዳ ግጥም ጭምር መጻፏን ሳነብ የእኛ ሙያ ሰው መሰለችኝ። በዚህ ዘዴ መሠረት ድልድዩ በሩን ከመክፈቱ በፊት 15 ሴኮንድ ያዳምጣል፣ 15 ሴኮንድ ይማራል፣ ከዚያ ያሳልፋል። ሠላሳ ሴኮንድ ብቻ! እኔ ግን በየሃያው ሴኮንድ እያጠፋሁት ጧቱን ሁሉ ስጀምረው ዋልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተሳካ። ከአሥሩ ኮምፒዩተሮች ወደ ሰርቨሩ ፒንግ ላኩ፤ «አለህ?» «አለሁ» እንደ መባባል ያለ ነው። አሥሩም «አለሁ» የሚል መልስ አገኙ። የደስታዬን ነገር ተዉት።

ደስታ ደግሞ አያስቀምጥ። ሁለተኛው ክፍል ከተቆለፈ በኋላ እኔ እዚያው ድልድዩ ላይ ቀረሁ። ኪዊክስ በሚባል ፕሮግራም የአማርኛውን ዊኪፔዲያ ያለ ኢንተርኔት ለተማሪዎቹ ላቅርብ ብዬ ነው። ለዚህ ዶከር የተባለውን ጫንኩ፤ ዶከር ማለት ፕሮግራምን ከነጓዙ በሣጥን አሽጎ የሚያስኬድ ነው። ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገኘሁ። ሥራዬን ስጨርስ ጥበቃው ጋሼ «መምህር፣ በሩን ልዘጋ ነው» እያሉ ቁልፍ ያንቃጭሉ ነበር። ዊኪፔዲያው እዚያው ማሽን ላይ ሲከፈት አይቼ ወጣሁ።

ዓርብ ጧት በሦስት ሰዓት ሁለቱን ክፍሎች ከፈትኩ። ገምጋሚዬ የሚመጡት በአራት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ክፍል ሄጄ ፒንግ ብል መልስ የለም። ከሐሙስ በተማርኩት መሠረት ሠላሳ ሴኮንድ ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ። የለም። ወደ ድልድዩ ማሽን ሮጬ ከእሱ ወደ ሰርቨሩ ላኩ፤ መልስ መጣ። ከእሱ ወደ ሁለተኛው ክፍል ኮምፒዩተሮች ላኩ፤ ከአሥሩም መልስ መጣ። ከዚያ ክፍል ወደ ሰርቨሩ ግን ምንም።

ልብ በሉልኝ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ሁለቱንም ዳርቻ አያለሁ። ይህ በስክሪኑ ላይ ፊት ለፊቴ ተጽፏል። እኔ ግን ከስክሪኑ ቀና ብዬ ወለሉን አየሁ። ወለሉ እርጥብ ነው። ወደ ሁለተኛው ክፍል የሚያልፈው ገመድ ሐሙስ ወለሉ ላይ ነበር የተውኩት፤ አሁን የጠረጴዛው እግር ላይ ተጠምጥሟል።

«አገኘሁት!» አልኩ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ገና ኮሪደሩን እየወለወሉ ነበር። «እትዬ፣ ገመዱን ማን ነካው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ልጄ። ውኃ እንዳይነካው ብዬ ከፍ አደረግኩት።»

«አይንኩት ብዬ አልነበር?»

ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ነግሬያቸው አላውቅም። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቃሉ ግን እንደ እውነት ሆኖ ነው ከአፌ የወጣው። በዚህ መካከል ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደረሱ። ገምጋሚ እንደሚመጣ እሳቸውም ያውቃሉና ስለ ትምህርት ቤቱ ስም ተጨንቀዋል። ምን ሆነ ቢሉኝ «ገመዱ ተነክቷል» አልኩ። ማን ነካው አላሉኝም፤ መወልወያ የያዘ ሰው ፊታቸው ቆሟል።

ትምህርቱን በጠመኔ አስተማርኩ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ገምጋሚዬ በኋለኛው ወንበር ተቀምጠው ጻፉ፣ ጻፉ። ክፍሉ ከወጣ በኋላ ቅጹን እየፈረሙ ችግሩ ምን እንደነበረ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ድልድዩ ሁለቱንም ወገን ያያል?»

«አዎን፣ መምህር።»

«እንግዲያው ገመዱ ምን አደረገ?»

መልስ አልነበረኝም። ገመዱ ቢበላሽ ኖሮ ድልድዩ ራሱ ሁለተኛውን ክፍል ማየት አይችልም ነበር። ይህንን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ በቀር አልነበረም። ገምጋሚዬን እስከ በር ሸኝቼ ስመለስ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ወጥቷል፦ የትምህርት ቤቱን ንብረት በጥንቃቄ ባለመያዝዎ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። ግልባጭ ለግል ማኅደር። እሳቸው የኮንትራት ሠራተኛ ናቸው፤ ኮንትራቱ የሚታደሰው በጥር ነው፣ ያኔ ወሩ ኅዳር ነበር።

ቅዳሜ ጥበቃውን ጋሼን ለምኜ ገባሁ። ይኸውላችሁ የሰው ነገር፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ገመዱን መቀየር ሆነ። ገመዱ ጥፋተኛ ሆኖ እንዲገኝልኝ ፈልጌ ነው። አዲስ ገመድ ሰካሁ፤ ነገሩ እንደነበረ ነው። አሮጌውን ሌላ ቦታ ሰክቼ ሞከርኩት፤ እንደ ሠርግ ቤት ከበሮ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ ነው በሥርዓት መፈተሽ የጀመርኩት። ሁለተኛው ክፍል ካለው አንዱ ኮምፒዩተር ላይ የጎረቤት መዝገቡን አየሁ። የሰርቨሩ ካርድ ቁጥር እዚያ ተጽፏል! ኮምፒዩተር ፒንግ ከመላኩ በፊት «የዚህ አድራሻ ባለቤት ማነው?» ብሎ ለሁሉም ይጮኻል፤ ኤአርፒ ይሉታል። ጩኸቱ ድልድዩን ተሻግሮ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል፣ መልሱም ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ከዚያ የተከተለው ፒንግ ግን ቀረ። ቲሲፒደምፕ በሚባለው ማዳመጫ ሁለቱን የድልድይ እግሮች ባዳምጥ፣ ፒንጉ በአንደኛው እግር ይገባል፤ በሌላው አይወጣም። መካከል ላይ ይጠፋል።

አንዱን አሳልፎ ሌላውን የሚመልስ ድልድይ የለም። ያ ኬላ ነው።

የሊኑክስን ኬላ፣ አይፒቴብልስን፣ ከፈትኩ። «ፎርዋርድ» የሚለው መስመር፣ ማለት በማሽኑ በኩል የሚያልፈው መንገድ፣ ደንቡ «ድሮፕ» ሆኗል፤ ጣል። ከጎኑ የተጣሉትን የሚቆጥር ቁጥር አለ። ከሁለተኛው ክፍል ፒንግ በየሴኮንዱ እንዲልክ ትቼ መጥቼ ቁጥሩን አየሁት። በየሴኮንዱ አንድ ይጨምራል። ቁጭ ብዬ ሃያ ያህል ቆጠርኩ።

ይኼን ደንብ ያመጣው ዶከር ነው። ዶከር እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 1.13 እትሙ ጀምሮ ሣጥኖቹ የተቀመጡበት ማሽን ለማንም መተላለፊያ እንዳይሆን ብሎ ያንን መስመር ይዘጋል። ከዚህ ጋር እኔ የጫንኩት «ብሪጅ ኔትፊልተር» የተባለውን የአንኳሩን ክፍል ያስነሣል፤ ይህ ሲነሣ በድልድይ የሚያልፈው የአይፒ ፖስታ ሁሉ በኬላው በኩል እንዲጠየቅ ይደረጋል። ኤአርፒ የአይፒ ፖስታ ስላልሆነ አልተጠየቀም፤ አለፈ። ድልድዩ ራሱ የሚልከውና የሚቀበለው ደግሞ በሌላ መስመር ስለሚሄድ አልተነካም፤ ለዚህ ነው ሁለቱን ዳርቻ ያየሁት። ዶከርን አልወቅስም፤ የሚሠራውን በመምሪያው ላይ ጽፎታል። ሳያነብ የጫነው እኔ ነኝ። ሐሙስ ማታ ጋሼ ቁልፉን ሲያንቃጭሉ፣ በገዛ ድልድዬ ላይ ኬላ ተክዬ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ።

ብልሃቱን ለሚፈልግ፦ ድልድዩ ፖስታውን ለኬላው እንዲያስጠይቅ የሚያደርገውን «ብሪጅ ኤንኤፍ ኮል አይፒቴብልስ» የሚል ማዞሪያ ከአንድ ወደ ዜሮ መለስኩት። በዚያችው ቅጽበት ፒንጉ መለሰ። ይህ ግን ምርመራ እንጂ ፈውስ አይደለም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ወደ አንድ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ «ዶከር ዩዘር» በተባለው የሕግ ሰንሰለት ውስጥ፣ በድልድዩ ገብቶ በድልድዩ የሚወጣ ይለፍ የሚል ሕግ ጨመርኩ። ይህም ማሽኑ በተነሣ ቁጥር እንዲጻፍ ካልተደረገ አይቆይም፤ አደረግኩት። ሁሉም ተደምሮ ከአሥር ደቂቃ አልበለጠም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ይህ ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። ማሽኑን መጠርጠር ራሴን መጠርጠር ሆነብኝና መወልወያ ወደያዘው ሰው ዞርኩ።

ሰኞ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ደረስኩ፤ እሳቸው የሚገቡት ያኔ ነው። «እትዬ፣ ገመዱ ምንም አልሆነም ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ባልዲውን አስቀመጡና አዩኝ።

«እኔ እንዳልነካሁት እኔ አውቃለሁ። አሁን አንተም አወቅህ። የማያውቀው ወረቀቱ ነው» አሉ። ቀጠሉና «በወረቀት ነው የተከሰስኩት ልጄ፤ በወረቀት መልስልኝ» አሉኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «የተጻፈ ተጽፏል፤ ደግሞ ማስጠንቀቂያ እንጂ ቅጣት አይደለም፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አሉኝ። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ። ድልድዩን፣ ኬላውን፣ ኤአርፒውን፣ ማዞሪያውን ሁሉ ዘርዝሬ አስረዳሁ። ማክሰኞ መለሱልኝ። «ይኼን ማን ያነበዋል? አጭር አድርገህ ጻፍ።» አሳጠርኩት። «ገመዱ አልተነካም። ኔትወርኩን ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። የተሰጣቸው ማስጠንቀቂያ እንዲነሣላቸው አመለክታለሁ።» እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ለመጻፍ ከሁለቱ ገጽ ይልቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ደብዳቤው ሐሙስ ወጣ፤ ቀደም ብሎ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ተነሥቷል ይላል፤ ግልባጩም ለግል ማኅደር። ማንበብ ስለማይችሉ ለልጃቸው ወስደው አስነበቡት፤ በማግሥቱ ማኅተሙ የት እንዳለ በጣታቸው አሳዩኝ። ኮንትራታቸው በጥር ታደሰ።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን እንደ ድሮው ሆነ፤ ሻይም ጠጥተናል። ነገር ግን ያንን ክፍል ሲወለውሉ ወደ ግድግዳው ሥር ሲደርሱ ያቆማሉ። «እትዬ፣ እባክዎ ይንኩት፣ ምንም አይሆንም» ብላቸውም ይሥቁና በዙሪያው ያልፋሉ። በድልድዩ ማሽን ዙሪያ ክንድ ያህል አቧራ ይቀራል። ልምምዴ እስኪያልቅ ድረስ ያን ጥግ የምጠርገው እኔ ነበርኩ።